ገበሬው ይደጎም፣ እኛ እንሰብሰብ

ክረምት ገባ፣ አዳማም እንግዶቿን ተቀበለች። እንኳን ደህና መጣችሁ! ሐምሌ ላይ ስለ ማዳበሪያ ያልተሰበሰበ ሰው ሐምሌን ምን ሊያደርግበት ነው? ገበሬው ጭቃ ውስጥ፣ እናንተ አዳራሽ ውስጥ። ሥራ መከፋፈል ማለት ይኼ ነው።

እኔ አንድ ሆቴል አጠገብ ባነር አትማለሁ። ስለዚህ እናንተን የሚያመሰግን ሰው ቢጠፋ እንኳ እኔ አለሁ። "የማዳበሪያ ድጎማን ለአርሶ አደሩ ተደራሽ ለማድረግ የተዘጋጀ የምክክር መድረክ።" ዘንድሮ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። ያው የጤፍ ነዶ፣ ያው ፈገግ ያለ ገበሬ። ሰውዬው ፎቶውን ከተነሣ ጀምሮ ፈገግታው አልደበዘዘም። የእሱን ትዕግሥት ለኛም ያድለን።

አዳማን መምረጣችሁም ብልህነት ነው። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። በፍጥነት መንገዱ ጠዋት መጥቶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። እናንተ ግን ታድራላችሁ። ቤተሰብ ጥሎ፣ ሆቴል ተኝቶ፣ ውሎ አበል ፈርሞ ለገበሬ መቸገር ቀላል መሥዋዕትነት አይደለም።

ድጎማው እንዴት እንደሚሠራ የገባኝ ጽሑፋችሁን ፎቶ ኮፒ ሳደርግ ነው። ለገበሬው እጁ ላይ የሚቆጠርለት ብር የለም። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ በዶላር ተገዝቶ ጅቡቲ ይራገፋል፣ ከዚያ በዩኒየን፣ ማለትም በገበሬ ማኅበራት ኅብረት በኩል የገበሬው ማኅበር መጋዘን ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቆ ዶላር ሽቅብ ሲወጣ፣ መንግሥት "ከማዳበሪያው ዋጋ ከፊሉን እኔ ልሸከም" አለ። ይኼ ሽሙጥ የለበትም፣ ጥሩ ነገር ነው። ግን ከረጢቱ ካልደረሰ ቅናሹ ምን ላይ ነው? ጤፍ ደግሞ እንደ መድረክ ለሌላ ቀን አይተላለፍም። ዩሪያ ጊዜው ካለፈ በኋላ ቢጨመርለት ይጋሽባል እንጂ አያፈራም።

በቀደም አጎቴ ከቦሰት መጣ። ማኅበሩ "ዩሪያ አልቋል፣ ሳምንት ና" ካለው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። የመሬት ግብር ደረሰኙን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ እኔ ሲመጣ ሆቴሉ በር ላይ ባነሬን አየ። "ማዳበሪያ" የምትለዋን አነበበና ሰልፉ ላይ ቆመ። ለካስ የተሰብሳቢዎች ምዝገባ ነው። ተራው ሲደርስ ደረሰኙን ዘረጋ።

"አባባ፣ የጥሪ ደብዳቤ ይዘዋል?" አለችው መዝጋቢዋ።

"እኔ የያዝኩት ይኼንን ነው ልጄ። ዩሪያው በየት በኩል ነው?"

ልጅቷ ሆደ ቡቡ ናት። ማስታወሻ ደብተር፣ እስክሪብቶና ግማሽ ሊትር ውኃ አስይዛ ሸኘችው። ዘንድሮ ከድጎማው እጁ የገባው ይኼው ነው። (እስክሪብቶው ይጽፋል፣ ሞክሬዋለሁ።) ውስጥ ደግሞ "ማዳበሪያ ለምን ይዘገያል?" የሚል ጥናት ሊቀርብ ነበር። አቅራቢው ስላልደረሰ ከሻይ በኋላ ተደረገ።

አጎቴን ባዶ እጁን መሸኘት ከበደኝና ከመድረኩ የተመለሰውን የአምናውን ባነር ጠቅልዬ ሰጠሁት። ወፍራም ነው፣ ዝናብ አያሳልፍም። ቅዳሜ ልጠይቀው ብሄድ ጭዱ ላይ አልብሶታል። ፈገግ ያለው ገበሬ ቁልቁል ተዘቅዝቋል። "ተደራሽ" የምትለዋ ላይ ዶሮዎች ሰፍረዋል።

"ይኼስ ደረሰኝ" አለ አጎቴ።