ሮቶው ሳይሞላ ጠብታ አይወጣም

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ውሃ የመጣች ለታ ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ ሳፋውን ሁሉ ሳይሞላ አይተኛም። ማን ይፈርድበታል? መቼ ተመልሳ እንደምትመጣ አይታወቅ። ይህን ጥበብ ጃቫ ወደሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላሻገሩልን ፕሮግራመሮች ግን እስካሁን ተገቢው ምስጋና አልደረሳቸውም። ዲስክ ላይ የተቀመጠ ፋይል እንደ ቧንቧ ውሃ አይጠፋም፤ እነሱ ግን አንዲት ባይት ወደ ሰርቨር ከመነሳቷ በፊት ሙሉውን ሚሞሪ (ራም) ላይ ያጠራቅሙታል። እጃቸው ይባረክ።

600 ሜጋባይት ቪዲዮ ይላክ እንበል። ጀማሪው ሙሉውን ፋይል ባንዴ የሚያነበውን ፋይልስ ሪድ ኦል ባይትስ ብሎ ይገላገላል። የተካነው ባይት አሬይ አውትፑት ስትሪም የሚባል፣ የተጻፈበትን ሁሉ አሬይ (የባይቶች ድርድር) ውስጥ የሚያጠራቅም ዕቃ ይከፍታል። ይህ ዕቃ በሞላ ቁጥር እጥፉን የሚያህል አዲስ አሬይ አበጅቶ አሮጌውን ይገለብጥበታል፤ 512ቱ ሲሞላ 1024 ሜጋባይት ይይዛል፣ ግልበጣው እስኪያልቅም ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሮቶው በሞላ ቁጥር እጥፉን ሮቶ እየገዛ የሚገለብጥ ጎረቤት ቢኖር እድሩ ይመክርበት ነበር። ገና አላለቀም፤ ያጠራቀመውን እንዲሰጥ ቱ ባይት አሬይ ሲባል ሌላ 600 ይቀዳል። ጽሑፍ ብቻ በሚይዘው በጄሶን ካልሄደ ሞቼ እገኛለሁ ከተባለ ደግሞ ባይቱን ወደ ፊደል የሚለውጠው ቤዝ 64 በሲሶ አሳብጦ 800 ያደርሰዋል። ድምሩ 2424። ማሽኑ 8 ጊጋባይት ራም ካለው፣ የጃቫን ፕሮግራም የሚያስኬደው ጄቪኤም ሌላ ካልታዘዘ ለሂፕ (ፕሮግራሙ ዕቃውን ለሚያስቀምጥበት ሚሞሪ) የሚፈቅደው ሩቡን፣ ማለትም 2 ጊጋ ብቻ ነው። የሚሆነው ይታወቃል፤ ሚሞሪው አልበቃ ብሎ ፕሮግራሙ ይወድቃል።

ጀግናው ይደነግጣል? የሂፕን ጣሪያ የሚወስነውን ኤክስ ኤም ኤክስን 6 ጊጋ አድርጎ ቡናውን ይጠጣል። ከ2 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል ሲመጣ ሪድ ኦል ባይትስ ራም ቢቆለልለትም እምቢ ይላል፤ የጃቫ አሬይ የሚቆጠረው ከ2 ቢሊዮን ብዙም በማያልፈው ኢንት በሚባለው የቁጥር ዓይነት ነውና።

በ8 ኪሎባይት ባፈር (ትንሽ መቅጃ) እየቀዳ፣ ከሰርቨር ጋር የሚያገናኘው የጃቫ ዕቃ፣ ኤችቲቲፒ ዩአርኤል ኮኔክሽን ላይ የሚጽፈውማ ልዩ ሽልማት ይገባዋል። «እኔ ስትሪም ነው የማደርገው» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ፤ በትንንሹ እየቀዳሁ እልካለሁ ማለቱ ነው። ኮኔክሽኑ ግን የኮንቴንት ሌንግዙን (የሚላከውን መጠን) ልክ ለማወቅ፣ የሰርቨሩን መልስ የሚጠይቀው ጌት ሪስፖንስ ኮድ እስኪጠራ ሁሉንም ሆዱ ውስጥ ይዞ ይጠብቃል። ከመጻፉ በፊት ሴት ፊክስድ ሌንግዝ ስትሪሚንግ ሞድ ብሎ የፋይሉን መጠን መስጠት፣ መጠኑ ካልታወቀም ሴት ቸንክድ ስትሪሚንግ ሞድ ማለት፣ የአንድ መስመር ሥራ ነበር። እርግጥ ዋጋ አለው፦ የሄደው ባይት የትም ስላልተቀመጠ፣ ሰርቨሩ ሪዳይሬክት ካደረገ (ወደ ሌላ አድራሻ ከመራ) ወይም የይለፍ ቃል ከጠየቀ ራሱ ደግሞ አይልክም፤ ኤችቲቲፒ ሪትራይ ኤክሴፕሽን የሚባል ስህተት ይወረውራል።

በ2018 ከጃቫ 11 ጋር የመጣው ኤችቲቲፒ ክላየንት የሚባለው መላኪያ ይህን ሁሉ ትጋት ሊያስቀርብን ነበር። ቦዲ ፐብሊሸርስ ኦፍ ፋይል ከተባለ ፋይሉን በትንንሹ እየቀዳ ይልካል፣ መጠኑንም ራሱ ይናገራል። ደግነቱ ኦፍ ኢንፑት ስትሪም የሚባል አለ። ሰፕላየር (ስትሪም ከፍቶ የሚያቀብል ኮድ) የሚቀበለው ጥያቄው በተደገመ ቁጥር አዲስ ስትሪም እንዲከፈት ነው፤ የኛ ሰው ግን ስትሪሙን ውጭ ከፍቶ ያንኑ መልሶ ያቀብለዋል። ሁለተኛው ዙር ባዶ ጀሪካን ይዞ ይሄዳል።

ቁንጮው ግን ሁሉን አስተካክሎ ኦፍ ፋይል ካለ በኋላ «ምን እንደተላከ እንይ» ብሎ ቦዲውን (የሚላከውን ይዘት) ለሎግ፣ ማለትም ለፕሮግራሙ መዝገብ፣ የሚያነብ መጠቅለያ የሚያለብሰው ነው። መጠቅለያው 600ውን ሜጋባይት አንብቦ ወደ ስትሪንግ ይለውጠዋል። ሎጉ ላይ «ስትሪሚንግ ተጀምሯል» የሚል መስመር ይነበባል። ከሥሩ፦ አውት ኦፍ ሚሞሪ ኤረር፣ ጃቫ ሂፕ ስፔስ።