ሳይሞላ የሚሄድ ባቡር አይንካን

ጃፓኖች ያሳዝኑኛል።

በህዳር 2010 ዓ.ም. የደረሰባቸውን ሰምታችሁ ይሆናል። ከቶኪዮ ወጣ ብላ ሚናሚ ናጋሬያማ የምትባል የባቡር ጣቢያ አለች። ጠዋት ሠራተኛው ወደ ከተማ የሚገባባት፣ ማታ የሚመለስባት፣ ከአንዱ መስመር ወርዶ በሌላው የሚሳፈርባት የዳር ከተማ ጣቢያ ናት። የዚያን ዕለት አንድ ባቡር መነሳት የነበረበት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ላይ ነው። የተነሳው ግን ሰከንዱ ገና 20 ላይ እያለ ነው። 20 ሰከንድ ቀደመ። በቃ፣ ጥፋቱ ይኸው ነው። የጹኩባ ኤክስፕረስ ባቡር ድርጅት ወጥቶ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቀ። አቤት ያለ ተሳፋሪ እንኳ አልነበረም። ቀጣዩ ባቡር ከ4 ደቂቃ በኋላ ይመጣ ነበርና።

እኔን የገረመኝ 20 ሰከንዱ አይደለም። ባቡሩ ሲነሳ ወንበሩ ሞልቶ ነበር ወይስ አልሞላም ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አለመገኘቱ ነው። ሰዓቱ ደረሰ ብለው፣ ባዶ ወንበር ይዘው እብስ! እንዴት ያለ ጭካኔ ነው? ጎጃም ውስጥ ይህ አይደረግም። እኛ ዘንድ መኪናን የሚያዘው ሰዓት አይደለም፣ ሰው ነው። አንድ ወንበር ባዶውን ከሚሄድ አሥራ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢጠብቅ ይሻላል። ይህን የመሰለ መተሳሰብ በየትኛው አገር አለ?

መንገዱ ክፍት በዋለ ቀን ማለዳ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ መናኸሪያ ብቅ በሉ። የትኛው መናኸሪያ እንደሆነ አልናገርም፣ ሁሉም ራሱን ያውቃል። ገና ከበሩ ስትገቡ ረዳቱ ሻንጣችሁን ይቀማችኋል። «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እየሮጣችሁ ትገባላችሁ። ውስጥ አራት ሰውና አንዲት ዶሮ አሉ።

ዋሸ ብላችሁ እንዳታሙት። ረዳቱ አልዋሸም። የሚፈልገው አንድ ሰው ነው። እናንተ ስትገቡ ደግሞ አንድ ሰው ይፈልጋል። እሱ ሲገባ አሁንም አንድ ሰው። ሰውን እንደ ከብት በጅምላ የማይቆጥር፣ እያንዳንዱን ለብቻው የሚናፍቅ ሰው ነው። «ስንት ሰው ቀረ?» ብላችሁ ብትጠይቁት «ሞልቷል እኮ» ይላችኋል። ዓይናችሁ የሚያየውን ባዶ ወንበር አትመኑ። ሃይማኖት ማለት የማይታየውን ማመን አይደል?

ደግሞ የሚያሟሉልን ሰዎች አሉ። እነዚህን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ሚኒባሱ ባዶ መስሎ እንዳይታይ ቀድመው ገብተው የሚቀመጡ ባለሙያዎች ናቸው። አንዱን በቅርብ አይቼዋለሁ። በሁለተኛው ረድፍ መስኮቱን ተደግፎ ተቀምጧል። ቦርሳውን በእግሮቹ መሃል ይዟል። ፊቱ ላይ የረፈደበት ሰው ጭንቀት አለ። አጠገቡ ጋቢ የደረቡ እናት ዘንቢላቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ወደ ዳንግላ ነው የሚሄዱት።

«እንዴት ዘገየ ዛሬስ!» አላቸው። «እኔማ ልጄ ታሞብኝ ነው።»

«እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። ምኑን ነው ያመመው?»

«ሆዱን።»

እናቲቱ ከንፈራቸውን መጠጡ። ትንሽ ቆይቶ ተነሳ። «መጣሁ እማማ፣ ቦታዬን ያዙልኝ» ብሎ ወረደ። እሳቸውም ዘንቢላቸውን ቦታው ላይ አስቀመጡለት። አንድ ወጣት ገብቶ ሊቀመጥ ሲል ክንዳቸውን ዘረጉ።

«ሰው አለው ልጄ። ልጁ የታመመበት ሰው ነው።»

ሌላም መጣ። ሰው አለው ተባለ። ሦስተኛው ሲመለስ ረዳቱ ራሱ አንገቱን አስገባ።

«እማማ፣ ዘንቢሉን አንሱት እንጂ!»

«ሰውዬውስ?»

«የትኛው ሰውዬ?»

ሰውዬው በዚያች ሰዓት ከጎናችን ቆሞ በሚሞላው የሞጣ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ተደግፎ ተቀምጧል። የዚያ ልጅ ሆድ በአንድ ቀን ጠዋት ስንት አቅጣጫ እንደታመመ እግዜር ይወቀው። እናቲቱ ግን እስከ መጨረሻው በር በሩን እያዩ ነበር። «ምን አገኘው ይሆን?» ይላሉ።

ሹፌሩም የራሱ ጥበብ አለው። ተሳፋሪው ማጉረምረም ሲጀምር ይገባና ሞተር ያስነሳል። መኪናው አንድ ክንድ ወደፊት ይሄዳል። ሰው ሁሉ «በስመ አብ» ብሎ ያማትባል። ሊሳፈር ያመነታ የነበረው ሁሉ ሊያመልጠኝ ነው ብሎ እየሮጠ ይመጣል። መኪናው አንድ ክንድ ወደኋላ ይመለሳል። ሞተሩ ይጠፋል። ከመናኸሪያው ሳይወጣ ሰባት ጊዜ የሚያማትብ ተሳፋሪ አለ። ከዚህ በላይ ሰውን ወደ አምላኩ የሚያቀርብ ምን ትራንስፖርት አለ?

በመጨረሻ ይሞላል። ይወጣል። ማለት ከበሩ ይወጣል እንጂ ከከተማው አይደለም። መጀመሪያ ነዳጅ ነው። ቀጥሎ ጎሚስታ ነው። ከዚያ የሆነ ሰው ለሆነ ሰው የላከው የሽንኩርት ኬሻ ከአንድ ሱቅ ይጫናል። ከዚያ እውነተኛው መሙላት ይጀመራል። መናኸሪያ ውስጥ የሚሞላው እኮ ወንበሩ ነው። ከበር ውጭ የሚሞላው መኪናው ነው። ከወንበሮቹ ሥር ዱካ የሚባለው ትንሽ በርጩማ ብቅ ይላል። ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራት፣ መተላለፊያው ላይ ዱካ፣ ጋቢና ውስጥ ሞተሩ ላይ አንድ ቀጭን ሰው። «ተጠጉ እንጂ! ሰው እኮ ነው!» ይላል ረዳቱ። ሰው እኮ ነው ሲባል ምን ትላላችሁ? አይደለም አትሉ!

ዱካ ላይ የተቀመጠውም የሚከፍለው ወንበር ላይ እንደተቀመጠው ነው። ከረፈደማ ጨምሮ ይከፍላል። እኩልነት ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

አልፎ አልፎ ግን ሥርዓት የጎደለው ተሳፋሪ አይጠፋም። «ትርፍ መጫን ክልክል ነው፣ ሕግ አለ» ብሎ ይነሳል። መነጽር ያደረገ ነው ብዙ ጊዜ። ረዳቱ መልስ መስጠት እንኳ አያስፈልገውም። ሕዝቡ ራሱ አለለት።

«ካልተመቸህ ኮንትራት አትይዝም?»

«ወንድም፣ እሱ ሠርቶ ይብላበት እንጂ!»

«ኧረ ይሄ ሰውዬ መንገድ አስፈታን! ረፈደብን እኮ!»

ልብ በሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ መናኸሪያ ውስጥ ቁጭ ብሎ ትንፍሽ ያላለ ሕዝብ ነው ይህ። የሁለት ደቂቃ ክርክር ሲመጣ ነው ሰዓት የሚታወሰው። በእኔ ግምት ባለመነጽሩ ጥፋተኛ ነው። እንዲያውም ሹፌሩ ታግሶት ነው።

ከዚያ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይመልስና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። «ትራፊክ አለ። ዱካ ላይ ያላችሁ ጎንበስ!»

ያን ጊዜ የሚታየውን ነገር ብዕር አይገልጸውም። ዱካ ላይ ያለው በሙሉ በአንድ ጊዜ ድፍት ይላል። ዲያቆኑ ይደፋል። ሠርግ የሚሄደው ባለ ሙሉ ልብሱ ይደፋል። የሥነ ዜጋ መምህሩ፣ ትናንት ተማሪዎቹን ስለ ሕግ የበላይነት ሲያስጽፍ የዋለው፣ ጭንቅላቱን ሽንኩርት ኬሻው ላይ ያሳርፋል። በሰሙነ ሕማማት እንኳ እንዲህ ያለ አንድ ወጥ ስግደት አላየሁም። ወንበር ላይ ያለነው ደግሞ ጋቢያችንን ዘርጋ አድርገን እንከልላቸዋለን። ትራፊኩ ጠጋ ብሎ «ትርፍ አለ?» ሲል «የለም!» እንላለን፣ በአንድ አፍ። ከሥራችን የሚስል ሰው ካለ እኛም አብረን እንስላለን።

ባለመነጽሩስ? ወንበር ላይ ነው ያለው። ያም ሆኖ ጎንበስ ብሏል። ምን ያድርግ? ከታየ መኪናው ይቆማል። ከቆመ ይዘገያል።

አሁን ደረሳችሁ እንበል። ስዊሶች ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ ባቡሮቻቸውን በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ እያስነሱ ይኖራሉ። ገጠር ካለ ትንሽ ጣቢያ ስትወርዱ ቢጫ የፖስታ አውቶቡስ ሰዓቱ ከባቡሩ ጋር ተገጣጥሞ ደጅ ላይ ይቆያችኋል። የሚያነጋግራችሁ ሰው የለም። ሻንጣችሁን የሚጎትት የለም። ብቸኝነት ነው።

እኛ ጋ ሚኒባሱ መናኸሪያ ሳይገባ ከተማው ጫፍ ላይ «እዚሁ ውረዱ፣ ቅርብ ነው» ይላችኋል። ቅርብ የሚለው ለማን እንደሆነ አልተብራራም። ገና አንድ እግራችሁ መሬት ሳይነካ የባጃጅ ሹፌሮች ይቀበሏችኋል። ሻንጣችሁ በአንዱ ባጃጅ፣ እናንተ በሌላው ትሳፈራላችሁ። «ኮንትራት ነው?» ስትሉ «በሰው ነው» ይላል። ደስ ብሏችሁ ትቀመጣላችሁ። ከዚያ ከጎናችሁ ቆሞ ይጣራል። «አንድ ሰው! አንድ ሰው!»

ባጃጅ ኋላ ሦስት ሰው ትይዛለች። ከሹፌሩ ግራና ቀኝ ሁለት ይጨመራሉ። ሹፌሩም በአንድ መቀመጫው ተንጠልጥሎ ይነዳል። የጎጃም ሰው እንግዳ ተቀባይ ነው ሲባል ብዙ ሰው ጠላና ጠጅ ነው የሚመስለው። ለእንግዳ የመሪውን ወንበር የሚለቅ ሕዝብ እኮ ነው!

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሀብት እያለን ነው ባቡር ይመጣላችኋል የተባልነው። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን የአገሪቱን የባቡር መረብ ሲያቅድ ከመስመሮቹ አንዱ መነሻው ፍኖተ ሰላም ነበር። ከዚያ በባሕር ዳርና በወረታ አድርጎ ወልድያ፣ ቀጥሎም ሰመራ ይወርዳል። ካርታው ላይ መስመሩ ያምራል። ሐዲዱ ግን እስካሁን አልተዘረጋም። አትፍረዱበት፣ አንድ ሰው ቀርቶት ይሆናል።

ከመጣ ግን ከወዲሁ መላ ይበጅለት። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 39 ጣቢያዎች ይዞ ነው። በሥራ መውጫ ሰዓት የተሳፈረበት ያውቃል፣ «ተጠጉ» የሚለው ባህላችን ሐዲድ ላይም ይሠራል። ቢሆንም ያ ባቡር አንድ ጉድለት አለበት። ረዳት የለውም። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጣራ የሌለው ባቡር ወዴት እንደሚሄድ በምን ይታወቃል? ጽሑፉን አንብቡ ሊሉን ነው?

ስለዚህ ለፍኖተ ሰላሙ ባቡር በየፉርጎው አንድ ረዳት ይቀጠር። የመነሻ ሰዓት የሚባል ነገር የትም ግድግዳ ላይ አይለጠፍ፣ ሰው ያደናግራል። ባቡሩ አንድ ክንድ ወደፊት፣ አንድ ክንድ ወደኋላ የሚልበት የተለየ ሐዲድ ይሠራለት። ወንበር ማሟያ የሚሆኑ ሰዎች ብዙ ስለሚያስፈልጉ ለሥራ አጥ ወጣቶች ዕድል ነው። ቡሬ ላይ አንድ ተሳፋሪ ስልክ ደውሎ «ሁለተኛው ቡና ላይ ነኝ፣ ቶናዋ ወርዳ በረካ ብቻ ነው የቀረኝ» ካለ ባቡሩ ይጠብቀው። ካለፈው ደግሞ ይመለስለት። ባቡር ወደኋላም እኮ ይሄዳል።

ጎንበስ ማለቱን በተመለከተ አንድ ችግር ታይቶኛል። ባቡሩ ረጅም ስለሆነ ትእዛዙ ከፊት እስከ መጨረሻው ፉርጎ እስኪደርስ ትራፊኩ አይቶን ያልፋል። ሐዲድ ላይ ትራፊክ አይቆምም ትሉኝ ይሆናል። ባይቆምም ጎንበስ እንላለን። ከወረታ በኋላ ቀና ማለት ይቻላል።