ግልጽ ደብዳቤ፦ ለክቡር የሻንጣ ግራ ጎማ

ሐዋሳ፣ የገና ዋዜማ ምሽት
ጉዳዩ፦ በአደባባይ ስላሳዩን ትዕይንት ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ያለውን 275 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡሱ የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ተጋድመው ጨረሱት። ማንም አልነካዎትም፣ ዙሩ ያለዎትም የለም። ሥራዎ ከመናኸሪያ እስከ ማረፊያ ያለችው መንገድ ብቻ ነበረች። እሷንም መሀሏ ላይ ጥለውን ሥራ ለቀቁ።

የመረጡት ሰዓት ግን ያስመሰግንዎታል። የታኅሣሥ 19ኙ የገብርኤል ንግሥ እንግዳ ከተሸኘ ዐሥር ቀን ሳይሞላ የገናው ተተክቷል። በዋናው ጎዳና የዛፍ ግንድ ላይ የተጠመጠመው አምፖል ቀይ፣ አረንጓዴ ይላል። ቤተሰብ ልጁን አንጠልጥሎ ወደ ፍቅር ሐይቅ ይወርዳል። በዚህ መሀል እርስዎ፦ ቀርቀርቀር... ቋ! በረንዳ ላይ ስኒ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ ዓይኑን ከመብራቱ ነቅሎ ወደ እርስዎ ይዞራል። ያን ሁሉ አምፖል የሰቀለ ሰው ይህን ያህል ተመልካች አላገኘም።

ጥፋቱን በኮብልስቶን ያላክካሉ አሉ። ግማሽ እውነት ነው። ቁመትዎ 5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የድንጋዩ መጋጠሚያ ሲውጥዎ ሻንጣው ይቆማል፣ ጎታቹ ግን አይቆምም፤ ጉልበቱ ሁሉ ዘንግዎ ላይ ያርፋል። ሕመምዎ ግን ከዚያ በፊት የጀመረ ነው። ፀጉርና የነጠላ ክር ዘንግዎ ላይ ይጠመጠማል፣ እሱ ሲፋተግ ይግላል፣ ፕላስቲኩ እየላላ ቀዳዳዎ ይሰፋል። የለበሱት ፖሊዩሬቴን የሚባል ለስላሳ ፕላስቲክ ደግሞ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦም በእርጥበት ያረጃል፣ አንድ ቀን እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። "ሁለቴ እንኳ አልያዝኩትም፣ አዲስ ነው" ያለ ሁሉ የተሸወደው እዚህ ላይ ነው። ከቤት ሳይወጡ በጥፍር ጫን ብሎ ማየት፣ ክሩንም በመቀስ ቆርጦ ማውጣት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ጥገናዎም ቢሆን ቀላል ነው፤ የሚያናድደውም ይኸው። ብዙ ጊዜ በሪቬት፣ ማለትም ጫፉ ተደፍጥጦ በሚቀር ዘንግ፣ ስለሚታሰሩ በካቻቢቴ አይፈቱም። የብረት መጋዝ ምላጭ በእርስዎና በማቀፊያው መሀል አስገብቶ ዘንግዎን ግራና ቀኝ መቁረጥ ነው። ከዚያ ሦስት ልክ ይወሰዳል፦ ቁመት፣ ውፍረት፣ የቀዳዳ ስፋት። ለምሳሌ 50፣ 18 እና 6 ሚሊ ሜትር። ሳይለካ ሄዶ "መካከለኛ ስጠኝ" ያለ ሰው ሁለተኛ መመለሱ አይቀርም። በዘንጉ ፈንታ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን፣ በየጎኑ አንድ ሮንዴላ፣ ጫፉ ላይ ውስጡ ናይለን ያለው ዳዶ ይገባል፤ ተራ ዳዶ በኮብልስቶኑ ንዝረት ራሱን ፈትቶ ይሄዳል። ጠብቆ ካለቀ በኋላ ሩብ ዙር ወደ ኋላ ይመለሳል። አለዚያ አዲሱ ጎማም ታስሮ እንደ ፍሬን ይጎተታል፣ የእርስዎን ዜማ ይቀጥላል ማለት ነው።

በዋዜማ ምሽት ግን ቡሎን የሚሸጥ ማን ክፍት ይገኛል? አራት ጎማ ያለው ሻንጣ ከሆነ ወደ ጤነኞቹ ሁለት ማጋደል ይቻላል፤ ከባዱ ዕቃ ወደ ታች፣ ወደ ጎማው ከወረደ ክንድ ይተርፋል። ባለ ሁለት ጎማ ከሆነ ባጃጅ ነው። ሻንጣው የሰው ወንበር ይይዛል፣ ሒሳቡም የሰው ነው። መብራቱን በባጃጅ ሸራ ቀዳዳ እያጮለቁ ማየትም እንደ ሽርሽር ይቆጠርልን።

ከሰላምታ ጋር፣
ሻንጣ በትከሻ የተሸከሙ እግረኞች

ግልባጭ፦
ለቀኝ ጎማ — ዕድሜያችሁ እኩል ስለሆነ፣ አዲስና አሮጌ ተቀላቅለው ሻንጣ ስለሚያዘነብሉም፣ አብረው እንደሚሰናበቱ እንዲያውቁት
ለእጀታው — ሲሳብ መሀል ላይ መቸንከር መጀመርዎ ተደርሶበታል