ነውጠኛውን ፈርቶ ደጋፊውን

ግንቦት 2001 የጋና ዋና ከተማ አክራ ውስጥ (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኸርትስ ኦፍ ኦክ የተባለው የእግር ኳስ ክለብ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሁለት ግብ አግብቶ ተጋጣሚውን አሳንቴ ኮቶኮን መራ። የተናደዱ የኮቶኮ ደጋፊዎች ወንበር እየነቀሉ ወረወሩ። ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። ሕዝቡ ወደ መውጫው ሲሮጥ በሮቹ ተቆልፈው አገኛቸው። 126 ሰው አለቀ። አብዛኞቹ የሞቱት ግን በመረጋገጥ ታፍነው እንጂ በወንበር ተመተው አይደለም።

ይሄ ነው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት። ጭስ ወንበር የወረወረውን ጎረምሳ ልጁን ይዞ ከመጣው አባት አይለይም። ፊፋ በደንቡ ጭሱን ስታዲየም ውስጥ ከልክሏል። ቢሆንም ጥቅምት 2022 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያው ጭስ ተተኮሰና 135 ሰው ሞተ።

ነውጠኛ የለም እያልኩ አይደለም። 1985 ብራስልስ፣ ሄይዘል ስታዲየም፣ የሊቨርፑል ደጋፊዎች የጁቬንቱስን ደጋፊዎች ሲያሳድዱ ግንብ ተደርምሶ 39 ሰው ሞቷል። ቅጣቱ ግን በጅምላ ነበር። የእንግሊዝ ክለቦች በሙሉ ከአውሮፓ ውድድር ለአምስት ዓመት ታገዱ። የዚያን ዓመት የሊጉ ሻምፒዮን ኤቨርተን ነው። ምን አጠፋ? ረብሻውም ቢሆን አልቆመም። በ2000 የእንግሊዝ ደጋፊዎች ቤልጂየም ሻርለሯ ላይ እንደገና ከተማ አመሱ።

እንግሊዞች ያኔ ነው ወደ ልባቸው የተመለሱት። በዚያው ዓመት ሕጋቸውን አጠበቁ። ፍርድ ቤት ያገደው ሰው ብሔራዊ ቡድኑ ውጭ አገር ሲጫወት ፓስፖርቱን ለፖሊስ ያስረክባል። ለ2006ቱ የጀርመን የዓለም ዋንጫ ከ3 ሺህ በላይ ሰው እንዲህ እቤቱ ቀረ። ሌላው ደጋፊ ቢራውን እየጠጣ ኳሱን አየ። መቼም ፓስፖርት ሁሉንም አይፈታም፤ በ2021ዱ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ለንደን ዌምብሌይ ላይ ትኬት የሌላቸው በሩን ጥሰው የገቡት በገዛ አገራቸው ነው። ለእኔ ግን ጥፋተኛን በስሙ ለይቶ ከመያዝ የተሻለ መንገድ እስካሁን አልታየም።

ወደ ራሳችን ስንመጣ፣ ጥር 2022 ዋሊያዎቹ ያውንዴ ኦሌምቤ ስታዲየም ላይ ከካሜሩን ጋር ተጫወቱ። ከ11 ቀን በኋላ እዚያው ስታዲየም መግቢያ ላይ 8 ሰው ተረጋግጦ ሞተ። ምንም ጠብ አልነበረም፤ በር ተዘግቶ ነበር። የ2027ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ደግሞ ጎረቤቶቻችን ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ውስጥ እንዲካሄድ ታቅዷል። ብዙዎቻችን መሄዳችን አይቀርም። እኔ ትኬት ከመቁረጤ በፊት ስንት ፖሊስ እንደሚሰማራ አልጠይቅም። የመውጫው ቁልፍ ማን እጅ ላይ እንደሚሆን ነው የምጠይቀው።