ሸተሩ ተበላሸ እንጂ ካሜራው አልሞተም

አንድ የካሜራ ሻጭ ለደንበኞቹ ያሰራጨው ማስታወቂያ ሰሞኑን በፎቶ አንሺዎች ስልክ ላይ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ዋስትናው ያለቀ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ሸተሩ፣ ማለትም ለብርሃን የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ፣ ከተበላሸ ማስጠገን ገንዘብ ማባከን ነው፣ ሸተር የሚበላሸው ብዙ ስለተተኮሰ ነው፣ አዲስ ቦዲ (ሌንስ የሌለበት ካሜራ) መግዛት ያልቻለ ደግሞ ሳይለንት ሸተር (መጋረጃው ሳይንቀሳቀስ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚተኮስበት) ላይ አድርጎ ይሥራ፣ በፎቶው ላይ ለውጥ የለውም ይላል። ግርጌው ላይ ሻጩ የሞተውን ቦዲ በቅናሽ እንደሚረከብ ተጽፏል። ዋጋ የለውም ያለውን ዕቃ ለምን እንደሚገዛ ግን አልተጻፈም። መልሱን የሚያውቅ ያውቀዋል፦ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ወደ ምስል የሚለውጠው ክፍል)፣ ስክሪኑ፣ ዋናው ቦርድና የሌንስ ማሰሪያው ደህና ናቸው፤ የተበላሸው አንድ ክፍል ብቻ ነው።

"ለውጥ የለውም" ከሚለው እንጀምር፤ በማስታወቂያው ውስጥ እንደዚህ የወረደ ነገር የለምና። በሳይለንት ሸተር ጊዜ ሴንሰሩ ምስሉን የሚያነበው ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው። እንደ ሶኒ ኤ7 III ባሉ ቦዲዎች ይህ ንባብ ዘገምተኛ ስለሆነ እስክስታ የሚመታ ሰው ትከሻው ተንሻፎ ይወጣል። የአገራችን የመብራት ኃይል 50 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ ብዙው መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ሴንሰሩ መስመር በመስመር ሲያነብ ይህ ውጣ ውረድ በሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ ላይ ጥቁርና ቢጫ ሰንበር ሆኖ ይቀራል። የሸተሩን ፍጥነት ወደ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ማውረድ ይረዳል፤ ነገር ግን በ1/100 ጭፈራ ጠርቶ አይወጣም፣ የዲኮር ኤልኢዲዎች ደግሞ የራሳቸው ፍጥነት አላቸው። ከዚህ ሁሉ በላይ በእነዚህ ቦዲዎች ሳይለንት ላይ ፍላሽ አይሠራም። በማታ አዳራሽ ያለ ፍላሽ ሰርግ አንሡ ብሎ መምከር የሰውን እንጀራ መንካት ነው። ኒኮን ዜድ9 ሜካኒካል ሸተር ጨርሶ የለውም የሚል ካለ፣ ያ ሴንሰር እጅግ ፈጣን ንባብ እንዲኖረው ተብሎ የተሠራ ነው፤ ለኤ7 III ባለቤት ምንም አይፈይድለትም።

ከመግዛትም ከመጠገንም በፊት ግን ችግሩ በእርግጥ የሸተሩ መሆኑ ይጣራ። ካሜራውን አጥፉና ባትሪውን አውጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። የሌንሱን የኤሌክትሪክ መገናኛዎች በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ ሌላ ሌንስም ሞክሩ፤ የተጣበቀ ዲያፍራም (የሌንሱን ቀዳዳ የሚያሰፋውና የሚያጠበው ክፍል) "ካሜራውን አጥፍተው ያብሩ" የሚለውን ያንኑ መልእክት ሊያመጣ ይችላል። ከዚያ በሜኑው ያለ ሌንስ መተኮስን ፍቀዱ፣ የኤሌክትሮኒክ ፊት መጋረጃውን (በፊተኛው መጋረጃ ፋንታ ሴንሰሩ ራሱ ተኩሱን የሚጀምርበትን) አጥፉ፣ በቀን ብርሃን ነጭ ግድግዳ ላይ በ1/60፣ በ1/250፣ በ1/1000 እና በ1/4000 አንሡ። ቀጥሎ ያንኑ በሳይለንት ድገሙት። በቀን ብርሃን የምለው አለምክንያት አይደለም፤ በአምፖል ሥር ከሞከራችሁ የመብራቱን ሰንበር የሸተር ብልሽት ነው ብላችሁ ትሳሳታላችሁ። ሳይለንቱ ንጹሕ ሆኖ ሜካኒካሉ ጥቁር ወይም ግማሹ የጨለመ ከሆነ ጥፋቱ የሸተሩ ነው። ሁለቱም ከተበላሹ ሴንሰሩን ወይም ቦርዱን ጠርጥሩ። ጨለማው የሚታየው ከ1/250 በላይ በፍላሽ ስታነሡ ብቻ ከሆነ ካሜራው ጤነኛ ነው፣ ከፍላሹ ጋር የሚናበብበትን ፍጥነት አልፋችሁታል። የኤሌክትሮኒክ ፊት መጋረጃው ሲበራ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የታመመው የፊተኛው መጋረጃ ሊሆን ይችላል፤ ጠጋኝ እስክታገኙ ፍላሽ እየሠራላችሁ ጥቂት ሥራ ታሳልፋላችሁ፣ ብቻ በሰፊ የሌንስ ቀዳዳና በከፍተኛ ፍጥነት አትተኩሱ፣ የጀርባው ብዥታ ተቆርጦ ይወጣል።

የሸተሩ ላሜራዎች (መጋረጃዎቹ የተሠሩባቸው ስስ ቅጠሎች) ግማሽ መንገድ ላይ ቆመው ከታዩ በጣትም በወረንጦም አትንኳቸው። እጅግ ስስ ናቸው፤ ከሐዲዳቸው ከወጡ አይመለሱም፣ ስባሪያቸውም የሴንሰሩን መስታወት ይጭራል። በቆርቆሮ የታሸገ አየር አትንፉበት። ዘይት የሚቀባ ጠጋኝ ካገኛችሁ ካሜራችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ዘይቱ ላሜራዎቹን እርስ በርስ ያጣብቃል፣ ሴንሰሩ ላይም ይረጫል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። "ብዙ ስለተተኮሰ ነው" የሚለው ክስ ሁሌ የሚወረወረው ቆጠራው፣ ማለትም ሸተሩ እስካሁን የተኮሰው ብዛት፣ ሳይታይ ነው። ሶኒ ለኤ7 III ሸተር 200,000 ጊዜ ተፈትኗል ብሎ አስተዋውቋል። በወር 500 ፎቶ የሚያነሣ ሰው በአምስት ዓመት የሚደርሰው 30,000 ላይ ነው፤ ከተነገረለት ዕድሜ 15 በመቶው ማለት ነው። ይህ ሰው ሸተሩ ሲሰበር ዋስትናህ አልቋል ይባላል። በየቅዳሜው 3,000 የሚተኩስ የሰርግ ባለሙያ ግን በአንድ ዓመት ከ150,000 በላይ ይጨርሳል፣ በአሥራ አንደኛው ወር ቢሰበርበት የአንድ ዓመት ዋስትናው ገና አላለቀም። ብዙ የሠራው ካሜራ ዋስትና ሲኖረው ጥቂት የሠራው ይከለከላል። በተኩስ ብዛት ለሚያልቅ ዕቃ በወር የሚቆጠር ዋስትና መስጠት ሻጩን እንጂ ገዢውን አይጠብቅም። ሲሸጡ በተኩስ የቆጠሩ ሲጠየቁ በወር መቁጠር አይችሉም! 200,000 ብሎ ዋጋ ያስከፈለ ለ200,000 ይቁም። ቁጥሩ የፈተና ውጤት እንጂ የውል ቃል አይደለም ይሉናል። እሺ፣ አንዳንዱ ሸተር ቀድሞ ይሰበራል፤ እንዲህ ከሆነ ቀድሞ የተሰበረው የፋብሪካው ዕዳ ነው፣ የገዢው ጥፋት የሚሆንበት ምክንያት የለም። ቆጠራውን አልፎ የሄደ ሸተርም ቢሆን እንደ ፍሬን ሸራ የሚለወጥ ዕቃ ነው፤ ሸራው አለቀ ብሎ መኪናውን የሚሸጥ የለም።

ይህ ደግሞ ሕልም አይደለም። ኒኮን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 የዲ600 ካሜራን ሸተር ዋስትናው ላለፈበትም ጭምር በነፃ እለውጣለሁ ብሏል። ዲ600 ሚረርለስ አይደለም፣ ችግሩም ሴንሰሩ ላይ የሚከማች ቆሻሻ ነበር፤ መርሁ ግን ያው ነው፣ የፋብሪካ ጉድለት በቀን መቁጠሪያ አይሰረዝም። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የኤ7 III ሸተር ከ10,000 እስከ 50,000 ባለው ውስጥ ይሰበራል የሚል ክስ በሶኒ ላይ ኒውዮርክ ውስጥ ቀርቧል። ዝም ያለ ገዢ እንዲህ ያለ ነገር አያገኝም።

ስለዚህ ቆጠራችሁን ያዙ። ካሜራው ጨርሶ ቢቆለፍም የመጨረሻው ያልተነካ ፋይል ይመሰክራል፦ ኒኮን በፎቶው መረጃ ውስጥ ይጽፈዋል፣ የኤ7 III ፋይል ኤግዚፍቱል በሚባል የፎቶ መረጃ ማንበቢያ ፕሮግራም ይነበባል፣ በአብዛኞቹ የካነን ቦዲዎች ግን ከፋይሉ አይገኝም፣ ካሜራውን በኬብል የሚያነብ ሶፍትዌር ወይም የጥገና ማዕከል ይፈልጋል። በላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ወይም በቴሌግራም ያለፈ ፎቶ አይሆንም። ከዚያ የሲሪያል ቁጥሩን፣ ደረሰኙን፣ ቆጠራውንና የብልሽቱን ቪዲዮ አያይዛችሁ ለአምራቹ የጥገና ክፍል ጻፉ፣ ጥገናው በኩባንያው ወጪ እንዲሆን በግልጽ ጠይቁ፤ ሙሉውን እምቢ ካለ ግማሹን። ካሜራው ከለንደን በዘመድ የተላከ ከሆነ የእንግሊዝ የ2015 የሸማቾች መብት ሕግ በሻጩ ላይ እስከ ስድስት ዓመት የይገባኛል ጥያቄ ለማቅረብ ያስችላል፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሕጋዊው የሻጭ ኃላፊነት ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው። ጠያቂው ግን ደረሰኙ ላይ ስሙ ያለው ሰው መሆን አለበትና ዘመዳችሁን አስጽፉት።

ጥገናው ቀላል ነው አልልም። ሸተሩ ጋ ለመድረስ ሴንሰሩ ከቦታው ይነሣል፣ ከሥሩ ያሉት ስስ ማስተካከያ ሳህኖችም በነበሩበት መመለስ አለባቸው። በሶኒ ኢ ማውንት (በኤ7 III ላይ ያለው የሌንስ ማሰሪያ ዓይነት) ከሌንስ ማሰሪያው እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት 18 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሴንሰሩ በጥቂቱ እንኳ ካዘመመ የፎቶው አንድ ወገን ይደበዝዛል። ስትረከቡ በሰፊው የሌንስ ቀዳዳ ጠፍጣፋ የጡብ ግድግዳ አንሥታችሁ አራቱንም ማዕዘን አስተያዩ፣ በ1/8000 ነጭ ግድግዳ ላይ ብርሃኑ እኩል መሆኑን እዩ፣ አሮጌውን ሸተር ተቀበሉ። የገባው ከፈረሰ ቦዲ የወጣ ከሆነ የስንት ተኩስ እንደነበር በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ዋጋውንም ከአዲስ ቦዲ ጋር ሳይሆን ቆጠራው ከማይታወቅ ያገለገለ ተመሳሳይ ቦዲ ጋር አነጻጽሩት፤ አዲስ ሸተር የገባለት የእናንተው ካሜራ ከእሱ ይሻላል።

ሻጮችና አስመጪዎች ደግሞ ሸተሩ ስንት ተኩስ ተብሎ እንደተሸጠ ደረሰኙ ላይ ይጻፉ፣ አብዝተው ለሚሸጧቸው ቦዲዎች የሸተር መለዋወጫ ያስገቡ፣ የመለወጫውን ዋጋ ሱቃቸው ውስጥ ይለጥፉ። ይህን እስኪያደርጉ ድረስ "የሞተ" ቦዲያችሁን አትሽጡላቸው።