የአጎቴ ቢላዋ እና የላኽማን ግርጌ

በርሊን አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በማታ ፈረቃ እሠራለሁ። ሥራዬ አንባቢ ጠረጴዛ ላይ ጥሎት የሄደውን መጽሐፍ በጋሪ ሰብስቦ ወደ መደርደሪያው መመለስ ነው። አንድ ማታ ከጋሪው ላይ ተገልጦ የቀረ ወፍራም መጽሐፍ ዓይኔን ያዘው። ከላይ ግጥም፤ ግርጌው ላይ ደግሞ ጉንዳን የመሰለ ደቃቅ ጽሑፍ ተርመስምሷል። አብራኝ የምትሠራዋን የሥነ ጽሑፍ ተማሪ «ይሄ የታችኛው ምንድነው?» አልኳት።

«ሌሎቹ ቅጂዎች የሚሉት ነው» አለችኝ። «ስህተታቸውም ጭምር።»

መጽሐፉ «ፓርሲፋል» ነው። ቮልፍራም ፎን ኤሸንባኽ የሚባል ገጣሚ ከ800 ዓመት በፊት የገጠመው። ለኅትመት ያሰናዳው ካርል ላኽማን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1793 ብራውንሽቫይግ ተወልዶ ከ1825 ጀምሮ እዚህ በርሊን ያስተማረ ምሁር ነው። ገጣሚው በእጁ የጻፈው አልተገኘም፤ ያለው ቅጂ ብቻ ነው። በላኽማን ስም የሚጠራው ዘዴ ቅጂዎቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ስህተት መልቀም ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ስህተት ካለባቸው ከአንድ አባት የተገለበጡ ሳይሆኑ አይቀሩም። የዘር ቆጠራ በሉት፣ በስህተት የሚቆጠር። ላኽማን በ1833 ሲያሳትመው ግጥሙን በሠላሳ በሠላሳ ስንኝ ከፍሎ 827 ቁጥር ሰጠው። ዛሬም ምሁራኑ የሚጠቅሱት በእሱ ቁጥር ነው።

አጎቴ ጎጃም ውስጥ ቁም ጸሐፊ ነው። እሱ ስህተት ካየ በቢላዋ ጫፍ ብራናውን ቀስ አድርጎ ይፍቅና በላዩ ይጽፍበታል። ልጅ ሆኜ «ድሮ ምን ይል ነበር?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ስህተት ነው አልኩህ እኮ!» ብሎ ተቆጣኝ። ለእሱ የተፋቀው ነገር አልነበረም፣ አለቀ። እዚህ ደግሞ የማይረባ ፊደል እንኳ ግርጌ ላይ ቦታ ተሰጥቶት ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

ፈረንጅ ማሞገስ ይቀናናልና ልቆጠብ። ላኽማን «ኒቤሉንገን» የተባለውን የጀርመኖች የጥንት የጀግኖች ግጥም በ1826 ሲያሳትም አጭሩን ቅጂ ጥንታዊው ነው ብሎ ተነሣ። ግጥሙም 20 ዘፈኖች ተሰፍተው የተሠራ ነው አለ። ኋላ የመጡት ምሁራን ሁለቱንም ጣሉበት። በ1996 ደግሞ ዮአኺም ቡምከ የሚባል የኮሎኝ ምሁር፣ ከጥንት ጀምሮ ጎን ለጎን የኖሩ ቅጂዎች አሉ፣ አንዱን ብቻ እናት ማድረግ አይቻልም ብሎ ጻፈ። ልጅቷ ይህን ስትነግረኝ ሳቄ መጣ። አንድም! የእኛ መምህራን «አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ» ሲሉ ስንት ዘመናቸው ነው። እርግጥ የእኛ አንድም በትርጉም እንጂ በፊደል ላይ አይደለም። ግን ዘመድ ነው።

የፊደሉ ሥራም ቢሆን ደርሶናል። ላኽማን በሞተበት በ1851 አውግስት ዲልማን የሚባል ጀርመናዊ ምሁር የግዕዙን መጽሐፈ ሄኖክ አምስት ቅጂ አመሳክሮ አሳትሟል።

ወደዚያ ወፍራም መጽሐፍ ልመለስ። የግጥሙ ጀግና ፓርሲፋል፣ ፋይረፊስ የሚባል የአባቱ ልጅ ወንድም አለው። የፋይረፊስ እናት ጥቁር ንግሥት፣ አባቱ ነጭ፣ እሱ ዥጉርጉር። ግጥሙ ውስጥ ገላው በተጻፈበት ብራና ይመሰላል፤ ጥቁርና ነጭ፣ እዚህም እዚያም። የዚህ ሰው ልጅ ቄስ ዮሐንስ ይባላል፤ በአውሮፓውያን አፈ ታሪክ የሩቅ አገር ክርስቲያን ንጉሥ ነው። ግጥሙ ህንድ ያስቀምጠዋል፤ ኋላ ግን አውሮፓውያን ቄስ ዮሐንስን ፍለጋ እኛው አገር ድረስ መጥተዋል።

ባለፈው እሑድ ለአጎቴ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኩት። መስመሩ ይቆራረጣል።

«ብራና መሰለ አልከኝ?»

«አዎ፣ የተጻፈበት።»

ትንሽ ዝም አለና «ሁሉም ቅጂ ላይ ነው እንደዚያ የሚለው?» አለኝ።