ከፊት ያለው መኪና ነው

የአዲስ አበባ ሾፌር ይወደስ ከተባለ ብዙ ሰው ከትዕግሥቱ ይጀምራል። እኔ ከአፍንጫው ነው የምጀምረው። መኪናው ውስጥ ቤንዚን ሲተን የማይሰማ፣ ቢሰማም የማይደነግጥ፣ ቢደነግጥም ለባለቤቱ የማይናገር አፍንጫ ነው።

«ልጄ፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል እኮ» ይላሉ አንዲት እናት ከኋላ ወንበር።

«ማዘር፣ ከፊት ያለው መኪና ነው።»

አለቀ። ኮፈን ሳይከፈት፣ መብራት እንኳ ሳይለቅ ምርመራው ተጠናቀቀ። የፊተኛው ሾፌርም በዚያው ደቂቃ ለራሱ ተሳፋሪ ይህንኑ እያለ ነው። እንዲህ ሽታውን እየተቀባበልን ከሜክሲኮ ሳሪስ እናደርሰዋለን። የዚህ ጥበብ የወደፊት ዕጣ ግን ያሳስበኛል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሎ የኤሌክትሪኩ እየበዛ ነው። ከፊታችን የሚቆመው ሁሉ ጠብታ ቤንዚን የሌለው የሆነ ቀን ምን ልንል ነው? (ከኋላ ያለው ነው ማለት ይቻላል፤ ነፋሱ ከተባበረ።)

ሰበቡ ካልበቃ ሽቶ አለ። መስተዋቱ ላይ አንድ ይንጠለጠላል፣ ሽታው ከበረታ ሁለተኛ ይጨመራል። ቫኒላና ቤንዚን ተደባልቀው የሚሰጡትን መዓዛ ያልቀመሰ ተሳፋሪ ገና ታክሲ አልተሳፈረም። ተፈጥሮም ታግዘናለች፦ አፍንጫ ከአንድ ሽታ ጋር ጥቂት ከቆየ ማስታወቁን ይተዋል። ባለመኪናው ይህንን «ለቀቃት» ብሎ ይተረጉመዋል። ትነቱ ግን ከአየር ይከብዳልና እግራችን ሥር ተደላድሎ ተቀምጧል፤ ካንሰር አምጪነቱ የተረጋገጠ ኬሚካልም በውስጡ ይዟል። ሒሳብ ሳይከፍል የሚሄድ ተሳፋሪ ማለት እሱ ነው።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ሳሙናውን ነው። ታንኩ ሲሰነጠቅ የልብስ ሳሙና በጣት ተለውሶ ይለጠፍበታል። በእውነት ይይዛል! ቤንዚን ሳሙናን አያሟሟውም። የሚያሟሟው ውኃ ነው፤ ስለዚህ ጥገናው እስከ ሰኔ ዋስትና አለው። ክረምት ሲገባ አስፋልቱም ይታጠባል፣ ታንኩም ይታጠባል። የታንክ ክዳን ለጠፋበትም ፌስታል ሞልቷል። የላላ ቱቦ ደግሞ በካላማዳሪ (በጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ቁራጭ ይታሰራል፤ ካላማዳሪው ቤንዚን ሲነካው እያበጠ እየላላ ይሄዳል እንጂ ማሰሩንስ ታስሯል።

ሳሙና የሰለቸው ጀግና ደግሞ ታንኩን አውርዶ ወደ በያጅ ይወስዳል። «ባዶ ነው፣ አንጠፍጥፌዋለሁ» ይላል ለማረጋጋት። ባዶ ታንክ ከሙሉው እንደሚያስፈራ የሚያውቅ በያጅ ከገጠመው ዕድለኛ ነው፤ የሚቀጣጠለው ትነቱ ነውና፣ ታንኩን በደንብ አጥቦ ውኃ ሳይሞላው እሳት አያስጠጋም። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ቅዝቃዜ ውስጥ እንኳ ለእሳት የሚበቃ ትነት ይሰጣል። የእኛ አገር ብርድ አያስተኛውም።

ይህን ሁሉ ባህል የሚያበላሹ ጥቂት ነገረኛ መካኒኮች መኖራቸውን መደበቅ አልችልም። መኪናውን ገና ሳይነኩ «መቼ መቼ ነው የሚሸተው?» ብለው ይጠይቃሉ። ምን አገባቸው? ሲሞላ ብቻ ከሆነ የክዳኑን ጎማ፣ ከመሙያው ወደ ታንክ የሚወርደውን ቱቦና የትነት ማስወጫውን ያያሉ። ጠዋት ሲነሳ ከሆነ የደረቁ ቱቦዎችንና ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን የኢንጀክተሮቹን የጎማ ቀለበት ይጠረጥራሉ። ቪትዝ ከሆነች የኋላ ወንበሯን አንስተው ከሥሩ ያለውን የቤንዚን ፓምፕ ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ያሸታሉ። ወንበር አንስቶ ማሽተት! ላዳ ሲሆንማ የዘይት መለኪያዋን መዝዘው አፍንጫቸው ሥር ይይዛሉ፤ የቤንዚን ፓምፗ ውስጠኛ ስስ ሽፋን ከተቀደደ ቤንዚኑ ወደ ሞተር ዘይት ይወርዳላ። ይባስ ብለው ከፍታችንን ይወቅሳሉ፦ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ለዚህ ያልተስተካከለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው) ቤንዚን ያበዛል፣ ያልነደደው በማርሚታ ይወጣል፣ በተቀደደው የኋላ በር ጎማ ተመልሶ ይገባል ይላሉ። የሠራነው ከተማ ራሱ ጥፋተኛ ሆነ ማለት ነው። በመጨረሻ «የክዳን ጎማ ነው፣ ቀይሬዋለሁ» ሲሉ ባለመኪናው ይከፋዋል። ይህን ሁሉ ወር የተሸከመው ሽታ ለአንዲት ጎማ ነበር?

እጥረት ሲመጣ ደግሞ ቤንዚኑ ራሱ ተሳፋሪ ይሆናል። አዳማ ላይ አፉ ድረስ የተሞላ ጀሪካን ሽቅብ በተጓዘ ቁጥር የውጪው አየር ግፊት ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ጎኑ አብጦ ክዳኑ ዳር ያለቅሳል። ቤተሰቡ መስኮት ዘግቶ፣ አባት ሲጋራ ለኩሶ፣ ልጆች ጀሪካኑን እንዳይወድቅ አቅፈው ይገባሉ። ለልጅ አደራ መስጠት ጥሩ ነው።

ዓመቱ ዞሮ ቦሎ ሲደርስ ሞተሩ ይታጠባል። ይህ ረቂቅ እርምጃ ነው፤ የሚያንጠባጥበውን ቦታ የሚያሳብቀው እድፍ ብቻ ነበርና አብሮ ታጠበ። እሳት ማጥፊያውን ጎረቤት ያውሳል፣ በማግስቱ ይመለስለታል። እሳት የሚነሳው በምርመራ ቀን ብቻ ነው ብለን የተስማማን ይመስለኛል።

ሳሙናው፣ ሽቶውና እጥበቱ ሁሉ ካልበጁ መኪናዋ ለደላላ ትሰጣለች። «በሴት የተያዘች፣ ቤንዚን የማትበላ፣ ገዝቶ መንዳት ብቻ» ተብላ ትቆማለች። ገዢው በሩን ከፍቶ፣ ገብቶ፣ አፍንጫውን ያዘ።

«ቤንዚን ይሸታል።»

«ፉል ሞልተን ነዋ የምንሸጥልህ!» አለ ደላላው።